አውንጂ የሚሰማው የቴክሳስ ፈረስ

ከዳላስ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እንጅባራ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ፎቁ እንዴት ነው? መንገዱስ?» ይለኛል። ፎቁንም መንገዱንም አይቻለሁ፤ እሱን ግን ቴሌቪዥን ከእኔ በተሻለ ያሳያችኋል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አሮጌ ፈረስ፣ ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ደምሴና በገዛ እጄ ላበላሸው ስለነበረው ነገር ነው። ለማታውቁኝ፦ ሠላሳ ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት በአዊ ቀበሌዎች ስዞር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ፈረስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ ሲባል ደስ አይለኝም። ይህን ጠባዬን አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

ሰኞ

ቅዳሜ ጠዋት ፈረሴን ገብስ አብልቼ ከእንጅባራ ተነሣሁ። ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሌላ አገር ላይ ረዥም መጠበቅ፣ እንደገና ሌላ አውሮፕላን። ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር እንደተጣላ ሰኞ ዳላስ ገባሁ።

መግቢያው ላይ የቆመው ሰው ባለፉት ቀናት እርሻ ላይ ወይም ከእንስሳት ጋር ነበርክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንግሊዝኛዬ የሥልጠና እንግሊዝኛ ቢሆንም ለእንስሳት ጉዳይ ይበቃኛል። «ከፈረሶች ጋር፤ ዕድሜዬን ሙሉ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ሌላው ሰው ሁሉ ሲያልፍ እኔ ወደ ጎን ተወሰድኩ። ጫማዬን አስወልቀው ይዘውት ሄዱ፤ በካልሲ ብቻ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በመድኃኒት ታጥቦ ሲመለስልኝ ከገዛሁት ቀን ይልቅ ያበራ ነበር። ከጫማው ጋር አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ ለአምስት ቀን ፈረስም ከብትም እንዳትነካ ይላል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በሽታ በልብስም በእጅም ይሄዳል። እኔ ራሴ በወረርሽኝ ጊዜ ስንቱን ገበሬ ገበያ አትውጣ ብዬ ከልክዬአለሁ። በእኔ ላይ ሲመጣ ግን ከነከነኝ።

ደምሴ ውጭ ይጠብቀኝ ነበር። ሲያቅፈኝ ከመልኩ ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የድርቆሽና የፈረስ ላብ ሽታ። ከተለያየን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ደምሴ ምን ይሠራል ስትሉኝ «አየር ማረፊያ ውስጥ፣ ቢሮ» እያልኩ ነግሬአችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። ደምሴ ከሄደበት ጊዜ ጀምሮ የሚሠራው አንድ የአረብ ፈረስ የሚረባበት እርሻ ውስጥ ነው፤ ጋጣ ይጠርጋል፣ ፈረስ ያበላል፣ ፈረስ ያጥባል። በገዛ ፈረሱ ሲጋልብ የኖረ ሰው ልጅ የሰው ፈረስ ፋንድያ ያወጣል ብሎ መናገር ሞት መሰለኝ። አፍሬበት ነበር።

መኖሪያቸው ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ግቢው ሰፊ የሆነ አፓርታማ ነው። ሚስቱ ሄለን ሆስፒታል ትሠራለች። ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርበት ግቢ ነው፤ ደረጃ ላይ ያገኘሁት ሁሉ ፈገግ ይልልኛል፣ ቆሞ ግን አያወራም። እራት ላይ ሄለን ዶሮ ወጥ አቀረበችና እጇን ምግቡ ላይ ዘርግታ ጸለየች፤ ጴንጤዎች ናቸው። «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ! ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እንደሚጾሙ ደምሴ ነግሮኛል፤ ሽሮ ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አድርጌአለሁ፣ ኦኬ?» አለችኝ። እነሱ አይጾሙም። ለእኔ ብላ ከሥራ መልስ ቆማ መሥራቷ ልቤን ነካው።

ማክሰኞ

ሁለቱም ሥራ ሄዱ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁ። እንጅባራ ውስጥ ከቤቴ ገበያ እስክደርስ አርባ ሰው ሰላም እላለሁ። እዚያ ግን አንድ ሰዓት ያህል ስሄድ በእግሩ የሚሄድ ሰው አላየሁም። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ጋራ የሚባል ነገር ስለሌለ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። አንድ ሽማግሌ ፒካፑን አቁሞ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ምንም አልሆንኩም፣ እየሄድኩ ነው ብለውም አላመነኝም። ጠርሙስ ውኃ ሰጥቶኝ፣ ጭኖ እስከ ግቢው በር አደረሰኝና ደረጃውን ስወጣ ቆሞ ጠበቀ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ ሄለን ከሺፍት ስትመለስ አንድ የታተመ ወረቀት አሳየችኝ። አንድ ነጭ ፈረስ አለበት። «ሳቢር ይባላል» አለችኝ። «ቅዳሜ የመጨረሻው ሾው ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን ከየስቴቱ እየጫኑ ያመጧቸዋል። ጋሼ፣ ሳቢርን ይዞ የሚገባው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ደምሴ ነው! እስከ ዛሬ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚያወጣው፤ ማለቴ፣ ሥራው እሱ ብቻ የሆነ ሰው። አምና ሳቢር ሰውየውን ነከሰው። ሶ፣ የእርሻው ባለቤት ደምሴን አንተ ይዘኸው ግባ አለችው። ማታ ማታ እየተነሣ ይለማመዳል፣ እዚህ ሳሎን ውስጥ፣ በመጋረጃ ገመድ።»

ሳቅኩ። ሄለን ግን አልሳቀችም።

ረቡዕ

ደምሴ እርሻውን ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ። ማኪኒ የሚባል ከተማ አልፈን ወደ ሰሜን ነው። መንገዱን በሙሉ አንድ ዓይነት ቤት በአንድ ዓይነት ጣሪያ እየተሠራ ነበር፤ ደምሴ «ይሄ ሁሉ አምና ሜዳ ነበር» እያለ ያሳየኛል። በመጨረሻ ነጭ የእንጨት አጥር መጣ፤ ፓርክ አደረገ።

ከመግባታችን በፊት አንድ ወረቀት ላይ ፈረመ። ይህ ሰው ወንድሜ ነው፣ ፈረስ እንዳይነካ እኔ ተጠያቂ ነኝ የሚል ነው። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት አምስት ቀንህ ያልቃል። እስከዚያ በዓይንህ ብቻ፣ ኦኬ?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ደንብ ታስተምረኛለህ ወይ ብዬ ተቆጣሁት።

ዋናው ጋጣ በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከታች የሳቢር ስም አለ፤ ከስሙ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የልጅ ልጅ ልጆቹ ስም እየተከፋፈለ እስከ ጣሪያው ይወጣል። ቦታ ስላነሰ ሌላ ሰሌዳ ቀጥለውበታል። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ስንኮራ እነዚህ ለፈረስ ቆጥረውለታል። የዚህ እርሻ ፈረስ ሁሉ ከእሱ ነው፤ ባሕር ተሻግረው የተሸጡም አሉ። ቁጥራቸውን የእርሻው ባለቤትም በቃሏ አታውቀውም።

ሳቢር ለብቻው በታጠረ ሜዳ ውስጥ ከጥላ ሥር ቆሞ ነበር። አምባላይ ነው፣ ነጭ፤ እርጅና ጎኑ ላይ ቀይ ጤፍ የተበተነበት አስመስሎታል። ጀርባው ጎብጧል። ቁመቱ ከእኛ ፈረስ እምብዛም አይበልጥም። ዓይኑ ግን ትልቅ ነው፤ ፊቱ መሃል ላይ ጎድጎድ ብሎ አፍንጫው ጋ ይጠባል፤ አንገቱን ሲያነሣ እርጅናው ይጠፋል። እንዲህ ያለ ፈረስ አይቼ አላውቅም፤ ይህን መጻፍ ለእኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ከአጥሩ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆምኩ። ለደምሴ በአውንጂ «የኋላ ግራ እግሩን ያሳርፋል፤ ያመዋል?» አልኩት። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ፈረስ የምናወራው በአውንጂ ነው። ፈረሱ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ደምሴ ሲመልስልኝ ፈረሱ እኔን ያያል። ሌላ ነገር ተናገርኩ፤ ከጥላው ወጥቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ደምሴ አሥራ ሁለት ዓመት ያናገረው በአውንጂ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ያ የተነከሰው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲያዘው ምን ይስማ!

ሳቢር አንገቱን በአጥሩ ላይ አሳልፎ አፍንጫውን ደረቴ ላይ አደረገ። ተነፈሰብኝ። በእኛ አገር ፈረሱን ያሳየህን ሰው ፈረሱን ሳትዳስስ ብትለየው ንቀሃል ማለት ነው፤ ፈረሱ ራሱ መጥቶ ሲሰጥህ ደግሞ እጅህን መሰብሰብ የሚታሰብ አይደለም። ሁለት እጄን ጋማው ውስጥ አስገባሁ። ግንባሩን ሳምኩት።

ዞር ስል ደምሴ አመድ መስሏል።

«ማንም አላየም» አልኩት። አላየምም።

«እኔ አይቻለሁ» አለና የእርሻውን ባለቤት ሊንዳን ሊነግራት ወደ ቢሮ ሄደ።

ሊንዳ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ረዥም፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ናት። መጥታ አጥሩ ጋ ቆመች፤ አልጮኸችም። የተነካ ፈረስ አምስት ቀን ከሌሎች ይለያል፤ ይህ የእርሻው ደንብ ነው። ከረቡዕ አምስት ቀን ቅዳሜን ያልፋል። ያ ሁሉ ልጁና የልጅ ልጁ በተሰበሰበበት ሜዳ ሳቢር አይገባም ማለት ነው፤ ደምሴም ይዞት አይወጣም። የነካሁት እኔም፣ የሚንከባከበው ደምሴም ወደ ሌሎች ፈረሶች እንዳንሄድ ከለከለች። «እናንተ ሁለታችሁ ከእሱ ጋር ቆዩ» አለች። በሜዳው ጥግ ተጎታች ቤት አለች፤ ሁለት ጠባብ አልጋ የሚይዝ። እዚያ ገባን።

ደምሴ ጀርባውን ሰጥቶኝ እስከ ማታ ፈረሱን ሲያበጥር ቆየ። ሄለን ኮል አድርጋ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን ይዤ ልምጣ ወይ ስትለው «ቆይ፣ እነግርሻለሁ» ሲል ሰማሁት።

ሐሙስ እና ዓርብ

ከፈረስና ከተቀየመ ወንድም ጋር በአንድ አጥር ውስጥ መዋል ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ፈረሱ ይሻላል።

ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ስለማልችል ደምሴን ማየት ጀመርኩ። ሳቢር ጥርሱ አልቋል። ደምሴ ድርቆሹን አድቅቆ፣ በሞቀ ውኃ ነክሮ፣ በእጁ እያሸ ገንፎ ያደርግለታል፤ ሙቀቱን በክንዱ ይለካዋል። ኮቴውን ሲያነሣ አይጎትትም፤ ትከሻውን ያስጠጋና ይጠብቃል፣ ፈረሱ ራሱ ያነሣለታል። የኋላ ግራ እግሩን እኔ ገና ሳልጠይቅ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ያሸዋል፤ የምን መገጣጠሚያ እንደሆነ፣ በብርድ ምን እንደሚሆን በዝርዝር ነገረኝ። እንከን ስፈልግለት ዋልኩ። አላገኘሁም። እኔ ሠላሳ ዓመት ፈረስ ያከምኩት ሲታመም ነው፤ እሱ ግን እንዳይታመም ነው የሚሠራው። ይህን ለራሴ ለማመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ጠዋትና ማታ የፈረሱን ሙቀት እንለካለን፤ እሱ ይይዛል፣ እኔ ቴርሞሜትሩን አነባለሁ። ሐሙስ ማታ ለክተን ስንጨርስ፣ ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«ጋሼ፣ አየር ማረፊያ ቢሮ ነው የሚሠራው ትላለህ አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«እንጅባራ ስልክ የለም እንዴ? ሰው ኮል እያደረገ ቪዛዬን አስጨርስልኝ፣ ሻንጣዬን አሳልፍልኝ ይለኛል።»

«ተቆጣህ?»

«አልተቆጣሁም። ማለቴ… አንተ ካፈርክብኝ እኔ ምን ልበል? ሶ፣ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ስታየኝ ይለቅሃል ብዬ ነበር የጠራሁህ።»

ለካ ግብዣው ለዚህ ኖሯል። እኔን እንዲያኮራኝ ብሎ ያዘጋጀውን ቀን እኔው በሁለት እጄ ቀምቼዋለሁ። ይቅር በለኝ አልኩት። ታናሽን ይቅር በለኝ ማለት በቤታችን ያልተለመደ ነው፤ እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ቴርሞሜትሩን ከእጄ ወሰደና አጠበው።

ምግባችንን ሊንዳ ራሷ እያመጣች አጥሩ እንጨት ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ዓርብ ባቄላ የሚመስል ወጥና የበቆሎ ዳቦ አመጣች። ማንኪያዬን ሳነሣ ደምሴ «ጋሼ፣ ቆይ» ብሎ ቀማኝ፤ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ነበር። ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ነገራት፤ ስለ ጾሙም ጨመረላት። ወጡን ይዛ ተመለሰች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተቀቀለ ድንች፣ ቲማቲምና አንድ ሙሉ ሳህን ኮክ ይዛ መጣች። በፈረሷ ላይ ያን ሁሉ ጥፋት ካጠፋሁባት በኋላ ደግሞ ለጾሜ ስትጨነቅ አፈርኩ። ድንቹ ጨው አልነበረውም፤ ከእንጅባራ ድንች ጋርም አይወዳደርም፤ ቢሆንም ጨርሼ በላሁት።

ሳህኑን ልትወስድ ስትመጣ ወዲያው አልሄደችም። የሜዳውን አጥር ተከትላ በእርምጃ እየለካች ዞረች። ከአጥሩ ራቅ ብላ መሬቱ ላይ በጫማዋ መስመር ጫረች፤ ቆማ አሰበች፤ ሌላ መስመር ጫረች። ደምሴ ማበጠሪያውን እንደያዘ ቆሞ ያያታል። በመጨረሻ ጠራችውና ብዙ አወሩ። ሲመለስ እግሩ መሬት የሚረግጥ አይመስልም።

«እሱ ወደ እነሱ ካልሄደ እነሱ ወደ እሱ ይመጣሉ አለች። በመስመሩ ላይ ገመድ ይወጠራል፤ ሰዉ ከገመዱ ወዲያ ይቆማል፤ ፈረሶቹ ደግሞ ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር። ከእሱ ጋር ግን ማንም አይገባም፤ እኔ ብቻ።» ወደ ፈረሱ እያመራ «አንተም አለህ፤ አንዴ ነክተሃል» አለኝ።

ቅዳሜ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው መደርደር ጀመረ። ሄለን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር መጣች፤ ቤድፎርድ ከሚባል ከተማ ድረስ የመጡ ነበሩ፤ አንዲት እናት በነጭ ሻሽ ከቴክሳስ ባርኔጣዎች መሃል ቁጭ ብለው ይታዩኛል። ማዶ ከመንገዱ ባሻገር የሳቢር ዘሮች ቆመዋል፦ ዳማው፣ ጉራቻው፣ ነጩ፣ ባዝራዎች ከነውርንጭላቸው። ሁሉም ያን ጎድጓዳ ፊት ይዘዋል።

እኔ በሩን የምከፍት የምዘጋ ሆኜ አጥሩ ውስጥ ነበርኩ። ደምሴ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አለንጋ አልያዘም። የፈረሱን ገመድ እንዲሁ ላላ አድርጎ ይዞ በአውንጂ አንዲት ቃል አለው፤ አባታችን ፈረስ ሊያስነሣ ሲል የሚላትን።

ሳቢር አንገቱን አነሣ። ጅራቱን ሽቅብ ሰቀለ። የጎበጠው ጀርባ የት እንደገባ እንጃ፤ መሬቱን እየነካካ ብቻ የሚሄድ ይመስል ሜዳውን ዞረ። ደምሴ ከጎኑ ይሮጣል፤ ገመዱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተወጠረም። ሳቢር መሃል ላይ ቆሞ ወደ ማዶ አሽካካ። መጀመሪያ አንዱ መለሰለት፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። አምና የተነከሰው ሰውዬ ከተመልካቹ ጋር ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሊንዳ በድምፅ ማጉያ ተናገረች። ስለ ዘሩ ብዙ አለች። በመጨረሻ ማዶ ያሉትን እያሳየች ከእነዚህ ውስጥ ባለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት በዚህ እርሻ የተወለደውን ውርንጭላ ሁሉ ከእናቱ ማኅፀን የተቀበለው ይህ ሰው ነው ብላ ወደ ደምሴ ጠቆመች።

በእኛ አገር ወንድ በፈረሱ ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። አባታችን አባ ሞገድ ነበሩ፤ እኔን አባ ግስላ ትሉኛላችሁ። በቤታችን ደግሞ ስሙን መጀመሪያ የሚጠራው ታላቅ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ በከፍተኛ ድምፅ። ደምሴ የራሱ ፈረስ ሳይኖረው ወጥቶ ስለሄደ ደምሴ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አባታችን ሳይጠሩት ሞቱ፤ እኔም የምጠራበት ምክንያት አለ ብዬ አላውቅም ነበር።

«አባ ሳቢር!» ብዬ ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው። «አባ ሳቢር! የአባ ሞገድ ልጅ!»

ቴክሳሶቹ ለፈረሱ የጮህኩ መስሏቸው አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉ ሰው የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቆመ፤ ፈረሱም ከእሱ ጋር ቆመ። ደምሴ ወደ እኔ አልዞረም። ፊቱን በጋማው ውስጥ ቀብሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቢርም ጭንቅላቱን አዙሮ እስኪጨርስ ጠበቀው።

እሑድ ተሳፈርኩ። በመመለሻው ጫማዬን የፈለገ የለም፤ ፋንድያው እንዳለ እንጅባራ ደርሷል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አየር ማረፊያ ብዬ የነገርኳችሁን እርሱት። ወንድሜ ፈረስ ጠባቂ ነው። ስትደውሉለት ስለ ቪዛ አትጠይቁት፣ የፈረሱን እግር እንዴት ነው በሉት። ስትጠሩትም ደምሴ አትበሉት። ስም ወጥቶለታል፤ ያወጣሁለትም እኔ ታላቅ ወንድሙ ነኝ።